በፖሊሱ ደረት ላይ ያለው ካሜራ ለማን ይመሰክራል?



ስለ ፖሊስ ካሜራ ይጽፋል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው አይደለሁም። ያደግኩት ወሎ ውስጥ ከሐሪማ ሐሪማ እየዞርኩ ኪታብ በመቅራት ነው። አሁን በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ መስጂድ የኢማሙ ረዳት ነኝ። ሱብሒ ላይ በር እከፍታለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ልጆች አስቀራለሁ፤ ኢማሙ ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ። ከዚህ ውጭ ማንም ያልሾመኝ አንድ ሥራ አለኝ። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እኔ ዘንድ ነው፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመንጃ ፈቃድ ደብዳቤ፣ የትራፊክ ትኬት። እንግሊዝኛዬ ከአባቶቻችን ትንሽ ስለሚሻል «ኡስታዝ፣ ምን ይላል?» እባላለሁ። ስለዚህ ነገር ያወቅኩትን ያህል ያወቅኩት በዚህ መንገድ ነው። ጠበቃ የሚያስፈልገው ጉዳይ ሲመጣ ወደ ጠበቃ እልካለሁ።

ከጀመዓችን ግማሹ ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት ነጂ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነም። ሌሊት ይሠራሉ። ፖሊስ ያስቆማቸዋል፤ አንዳንዴ በጥፋታቸው፣ አንዳንዴ ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው። ነገሩን ሲነግሩኝ መጨረሻ ላይ የሚሏት አንድ ቃል አለች፤ «ችግር የለም ኡስታዝ፣ ካሜራ ነበረው።» ካሜራው ደረቱ ላይ እስካለ ድረስ እውነቱ የትም አይሄድም የሚል እምነት ነው። ይህን እምነት መንካት ደስ አይለኝም። ነገር ግን ካሜራው መቼ እንደሚበራ፣ ቪዲዮውን ማን ቀድሞ እንደሚያየው፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ደንብ አለ። እውነቱ የሚወጣው ወይም የሚቀበረው እዚያ ደንብ ላይ ነው።

ካሜራው የተስፋፋው ከ2014 በኋላ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ ሚዙሪ ውስጥ በምትገኘው ፈርጉሰን ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በፖሊስ ተገደለ። ካሜራ አልነበረም፤ ያዩትም ሰዎች የተናገሩት እርስ በርሱ አልገጠመም። በዲሴምበር ፕሬዚዳንት ኦባማ 50,000 ካሜራ ለመግዛት የሚያግዝ 75 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ሪያልቶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የተደረገ ሙከራ ብዙ ሰው አሳምኖ ነበር፤ ካሜራ በተለበሰበት ዓመት በፖሊስ ላይ የቀረበው አቤቱታ ከ24 ወደ 3 ወርዷል። መድኃኒቱ ተገኘ ተባለ። በኋላ ግን እዚሁ ዲሲ ውስጥ ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን በዕጣ ለይቶ፣ ገሚሱን ካሜራ አልብሶ ገሚሱን ሳያለብስ ያነጻጸረ ጥናት በ2017 ሲወጣ፣ በኃይል አጠቃቀምም ሆነ በአቤቱታ ብዛት ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እኔ አይገርመኝም። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፤ አለቃውና ደንቡ ግን በየከተማው ይለያያል።

ዕቃውን ራሱን ትንሽ እንየው። ብዙ ፖሊሶች የሚለብሱትን ካሜራ የሚሠራው አክሰን የሚባል ኩባንያ ነው፤ ቀድሞ ቴዘር ይባል የነበረው፣ በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዘውን መሣሪያ የሚሸጠው። ካሜራው ደረት ላይ ስላለ ይቀርጻል ማለት አይደለም። ፖሊሱ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ የሚያየውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ እያጠፋ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይዞ ይጠብቃል፤ በብዙ ቦታ 30 ሰከንድ ነው። ቁልፉ ሲጫን እነዚያ 30 ሰከንዶች ከፊት ይቀጠላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ድምፅ የላቸውም። ኢሊኖይማ ካሜራዎች ሁሉ ቢያንስ 30 ሰከንድ ወደኋላ የሚይዙ እንዲሆኑ በሕግ አዛለች።

ይህች ድምፅ የሌላት 30 ሰከንድ ባልቲሞር ላይ አንድ ሰው አስፈትታለች። በጃንዋሪ 2017 አንድ ፖሊስ ቆሻሻ በተጣለበት ቦታ አደንዛዥ ዕፅ ያለበት ፌስታል በቆርቆሮ ውስጥ ሲያስቀምጥ ይታያል። ከዚያ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ካሜራውን ያበራል፤ ተመልሶ ይፈልግና «ያገኘዋል።» ካሜራው ወደኋላ 30 ሰከንድ እንደሚይዝ ረስቶታል። ተከሳሹ የዋስ ገንዘብ ስላልነበረው ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ታስሮ ነበር፤ የወጣው መንግሥት ያቆመለት ተከላካይ ጠበቃ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ስላየው ነው። ፖሊሱ «ዕፁን ቀድሜ አግኝቼው ነበር፣ በካሜራ ለማሳየት ነው የደገምኩት» ብሎ ተከራከረ፤ በ2018 ግን ማስረጃ በመፍጠር ጥፋተኛ ተባለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ቪዲዮው እነዚያን ወራት ሁሉ ነበር። ሰውየውም እነዚያን ወራት ሁሉ ታስሮ ነበር። የጎደለው ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች ልምጣ። ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ ሐጂ አሉ። ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢያችን ባለች አንዲት ከተማ ሌሊት ፖሊስ አስቆማቸው። በሪፖርቱ ላይ ሐጂ ትእዛዝ አልቀበልም ብለዋል፤ በቀይ መብራት ማለፋቸውንም በቃላቸው አምነዋል ይላል። ሐጂ ደግሞ «የስ ያልኩት እየሰማሁህ ነው ለማለት ነው» ይላሉ። የእኛን ትልልቅ ሰዎች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሹም ሲናገር አንገት ነቅነቅ አድርጎ «እሺ፣ እሺ» ማለት አደብ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ፣ የስ» ሲሆን ጥፋትን ማመን ሆኖ ተጻፈባቸው። ይህን በወረቀት ማስረዳት ከባድ ነው። ድምፁን የሰማ፣ ፊታቸውን ያየ ዳኛ ግን ይገባው ነበር።

ሐጂ ቪዲዮውን ለመጠየቅ አልቸኮሉም። ፍርድ ቤቱ ራሱ አውጥቶ ያየዋል ብለው ተቀመጡ። ወረቀታቸውን ይዘውልኝ የመጡት ረመዳን ካለቀ በኋላ ነው። አብረን ሄድን። የመጀመሪያው መስኮት ወደ ሌላ ፎቅ ላከን። እዚያ ፎርም ተሰጠን፤ ፎርሙ የጉዳዩን ቁጥር፣ የፖሊሱን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጠይቃል። ሐጂ የሚያስታውሱት ፖሊሱ ወጣት እንደነበርና ዝናብ እንደነበር ነው። ቁጥሩን ከትኬቱ ላይ ፈልገን ሞልተን አስገባን። ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ቪዲዮው ማስረጃ ተብሎ ምልክት ስላልተደረገበት የማቆያ ጊዜው አልፎ ተሰርዟል ይላል።

ሐጂ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ማን ሰረዘው?» አሉኝ።

ማንም። ቀኑ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ሰረዘው። ይህ መልስ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። አንድ ሰው ሆን ብሎ ደብቆት ቢሆን ይሻላቸው ነበር መሰለኝ፤ ቢያንስ የሚከሱት ሰው ይኖራቸው ነበር። ቅጣቱን ከፈሉ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

መሰረዙ ራሱ ክፋት ነው ብዬ አላምንም። በየቀኑ የሚቀረጸው ብዙ ነው፤ ማስቀመጫውም ገንዘብ ይበላል። ደግሞ የሁላችንም ፊትና ቤት ለዘላለም በፖሊስ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲቀመጥ ማን ይፈልጋል? ማስረጃ ያልሆነውን ዲሲ 90 ቀን፣ ኢሊኖይም 90 ቀን ያስቀምጣሉ። ሚኒሶታ ቢያንስ 90 ቀን ብላ፣ ፖሊስ ከባድ ኃይል የተጠቀመበትን ቢያንስ አንድ ዓመት ይቆይ አለች። 90 ቀን ለጠበቃ ብዙ ጊዜ ነው። ቀን ተኝቶ ሌሊት ለሚነዳ፣ ደብዳቤውን የሚያነብለት ሰው ለሚጠብቅ አባት ግን ትንሽ ነው።

ሌላው የሚያደናግረን የአሜሪካ ፖሊስ አንድ አለመሆኑ ነው። አገር ቤት ፖሊስ ሲባል ከላይ አንድ አለቃ ያለው ይመስለናል። እዚህ ከተማው የራሱ፣ ካውንቲው የራሱ፣ ስቴቱ የራሱ፣ ሜትሮ ባቡሩ ሳይቀር የራሱ ፖሊስ አለው። አንድ ወንድማችን ማታ ሬገን ኤርፖርት መንገደኛ ይጭናል፤ ይህ ቨርጂኒያ ነው። በ14ኛው መንገድ ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ ያወርዳል። ከዚያ በጆርጂያ አቬኑ ወጥቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ይገባል፤ ይህ ሜሪላንድ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ በሦስት ሕግ ሥር አልፏል። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ የካውንቲ ፖሊሶች ሁሉ እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 ድረስ ካሜራ እንዲለብሱ አዝዛለች። ቨርጂኒያ ልበሱ ብላ አላዘዘችም፤ ካሜራ የሚያሠማራ ከተማ ወይም ካውንቲ አስቀድሞ በጽሑፍ ደንብ ያውጣ ነው ያለችው። በዲሲ ደግሞ የተቀረጸው ሰው ራሱ፣ ጠበቃው፣ ወይም ልጅ ከሆነ ወላጁ፣ ነገሩ በተፈጸመበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ቀጠሮ ይዞ ቪዲዮውን ማየት ይችላል። በዚህ መብት የተጠቀመ ሰው በጀመዓችን ውስጥ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

ነጂዎቻችን ሁሉ የሚያውቁት በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚሄደው የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ አለ። መንገዱ የፌዴራል ነው፤ የሚጠብቀውም የፓርክ ፖሊስ ነው። በኖቬምበር 2017 ቢጃን ጋይሳር የተባለ፣ ወላጆቹ ከኢራን የመጡ የ25 ዓመት ወጣት፣ መኪናው ከኋላ ተገጭታ ቦታውን ጥሎ ሄደ ተብሎ የፓርክ ፖሊሶች አሳደዱት፤ ቨርጂኒያ ውስጥም ተኩሰው ገደሉት። መሣሪያ አልያዘም ነበር። የፓርክ ፖሊሶቹ ካሜራ አልነበራቸውም። ነገሩ የታየው ከኋላ ሲከተል የነበረ የፌርፋክስ ካውንቲ ፖሊስ መኪናው ላይ ካሜራ ስለነበረው ብቻ ነው። የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ ቪዲዮውን በጃንዋሪ 2018 ለሕዝብ ለቀቁት። ፌርፋክሱ ባይከተል ኖሮ ቤተሰቡ የሚያየው አንዳች ነገር አይኖርም ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች እንዳነሳው የማይፈልጉት ሌላ ጉዳይ አለ፤ እኔ ግን ማንሳት ግድ ይመስለኛል። በጁላይ 2017 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጀስቲን ዴመንድ የተባለች ከአውስትራሊያ የመጣች ሴት፣ ከቤቷ ጀርባ አንዲት ሴት እየተጠቃች መሰለኝ ብላ 911 ደወለች። ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው መሐመድ ኑር ነበር፤ ሶማሊያ የተወለደ፣ ፖሊስ ሲሆን ሕዝቡ የኮራበት ሙስሊም ወንድማችን። ሴትዮዋ ወደ መኪናቸው ስትቀርብ ኑር ከተቀመጠበት ተኩሶ ገደላት። ሁለቱም ካሜራ ለብሰው ነበር። ተኩሱ ሲሆን የሁለቱም አልበራም፤ የመኪናውም አልበራም።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሰው ቃል ብቻ ነው። ኑር በ2019 ጥፋተኛ ተብሎ 12 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በ2021 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከባዱን ክስ ሻረውና ቅጣቱ ወደ 57 ወር ወረደ። ብዙ ሙስሊም «ነጭ ቢሆን ኖሮ አይፈረድበትም ነበር» ይላል፤ ለዚህ አባባል ምክንያት የሚሆኑ ብዙ የተለቀቁ ፖሊሶች አሉ። ሌላው ደግሞ የሞተችውን ንጹሕ ሴት አስቡ ይላል፤ ይህም ሐቅ ነው። የእኔ ሐሳብ ከሁለቱም ጋር አይጣላም። ያች ቁልፍ ተጭና ቢሆን ኖሮ የሴትዮዋ ቤተሰብ የልጃቸውን የመጨረሻ ደቂቃ ያውቁት ነበር፤ ኑርም ሰማሁትና አየሁት ያለው ነገር እውነት ከሆነ የሚያሳየው ነገር ይኖረው ነበር። የከተማው ፖሊስ ደንቡን የለወጠው ከግድያው በኋላ በዚያው ወር ነው፤ ፖሊስ ወደ ጥሪ ሲሄድ ቀድሞ እንዲያበራ ታዘዘ። እንዲህ ያለ ደንብ ብዙ ጊዜ የሚጠነክረው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ደረሳ ሆኜ ስቀራ ሸይኻችን ሐዲስ ሲያስቀሩን ከመትኑ በፊት ሰነዱን ያስይዙን ነበር። ማን ከማን ሰማ? ሁለቱ ተገናኝተው ያውቃሉ? መሐል ላይ የጎደለ ሰው አለ? ያኔ አሰልቺ ነበር። አሁን ስልካችሁ ላይ የሚዞር የ12 ሰከንድ የፖሊስ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ቪዲዮም ሰነድ አለው። አክሰንን በመሰሉ ሥርዓቶች ውስጥ ዋናው ቪዲዮ ሲከፈት ማን እንደከፈተው፣ በስንት ሰዓት፣ ቆርጦ አውጥቶ እንደሆነ ይመዘገባል። ጠበቆች ያንን መዝገብ ጭምር ይጠይቃሉ። ፖሊስ መምሪያ ራሱ ቆርጦ፣ ጽሑፍ ለጥፎ፣ ቀስት ሠርቶ የሚለቀው ቪዲዮም፣ ወንድሞቻችን ተቆጥተው የሚያጋሩትም፣ ከፊትና ከኋላው ምን እንዳለ እስካልታወቀ ድረስ ሰነዱ የተቆረጠ ነው። ሙንቀጢዕ በሆነ ነገር ሰው ላይ አይፈረድም፤ ፖሊስም ቢሆን።

ከዚያው ከቂርኣቱ ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። በፊቅህ የቃዲ አደብ ላይ፣ ቃዲው ምስክሮቹን ከተጠራጠረ ለያይቶ ለየብቻ ይጠይቃቸዋል። አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ የራሱን እንዳያስተካክል ነው። በፖሊስ ካሜራ ደንብ ውስጥ በጣም የሚያከራክረው ጥያቄ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ፖሊሱ ሪፖርቱን ከመጻፉ በፊት ቪዲዮውን ይይ ወይስ አይይ? ዲሲ በ2020 ባወጣችው ሕግ አይይ አለች። በ2024 ይህ ላላ ተደርጎ፣ ተኩስና ከባድ ኃይል ያለባቸው ጉዳዮች ብቻ በክልከላው ቀሩ። የፖሊስ ማኅበራት ክርክር ከንቱ አይደለም፤ በድንጋጤ ውስጥ የነበረ ሰው ይረሳል፤ ቪዲዮውን ሳያይ ጽፎ ትንሽ ቢሳሳት ዋሸ ይባላል። ግን የሐጂን ጉዳይ አስቡት። ፖሊሱ ቪዲዮውን አይቶ ይጽፋል፤ ሐጂ ደግሞ ሳያዩ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ከትዝታቸው ይመልሳሉ። የፖሊሱ ቃል ከቪዲዮው ጋር ገጥሞ የሐጂ ሲለይ፣ ውሸታም መስለው የሚታዩት ሐጂ ናቸው። መጀመሪያ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፣ ቀጥሎ ይይ፣ የተሳሳተውን ከሥሩ ይጨምር፤ ለእኔ ሚዛኑ የሚስተካከለው እንዲህ ሲሆን ነው።

እህቶች በባለቤቴ በኩል የሚጠይቁኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንዲት እህት ቤቷ ውስጥ ችግር ደርሶባት 911 ደወለች። ፖሊሶቹ ሲገቡ ፀጉሯ አልተሸፈነም፤ ልብሷም ተቀዶ ነበር። ሻርፕ ያቀበላት ሰው የለም። ካሜራው ሁሉንም ቀረጸ። ከድብደባው ይልቅ ያስለቀሳት «ያንን ስንት ወንድ ያየዋል?» የሚለው ነበር። ጉዳዩን ለመግፋት እምቢ ልትል የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ካለ ሐያእ የማያውቅ ነው። በእኛ ኪታቦች ሰው ቤት ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ የምዕራፉም ዋና ነገር ዓይን ነው፤ እግር ከመግባቱ በፊት ዓይን ቀድሞ እንዳይገባ ነው። ካሜራ ደግሞ የማይጨፍን ዓይን ነው።

ደንቡ እዚህ ላይ ከምናስበው በላይ ያግዛል። በሜሪላንድ ፖሊሱ አደጋ ከሌለና ከተቻለው፣ እየቀረጸ መሆኑን በተቻለ ፍጥነት መናገር አለበት። በኢሊኖይ የተጠቃው ሰው ወይም ምስክሩ አጥፋልኝ ካለ፣ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በቀር ማጥፋት ግዴታው ነው፤ ጥያቄው ራሱ ግን በካሜራው ላይ እንዲሰማ ይደረጋል። በሌሎች ቦታዎች ውሳኔው ለፖሊሱ የተተወ ነው፤ ቢሆንም መጠየቅ ይቻላል። በዲሲ ሕግ ደግሞ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ እንዲሁም የቤት ውስጥ ጥቃትና የወሲብ ጥቃት ጉዳይ ያለበት ቪዲዮ፣ ማንም መንገደኛ በመረጃ ጥያቄ አስወጥቶ እንዲያየው አይፈቀድም። ለዚያች እህት ይህን የሚመስል ነገር በሴት ጠበቃ በኩል ተነገራት፤ ልቧ ረጋ። ጠበቃዋ ሌላም ነገር አለቻት፤ በሩ እንደተከፈተ የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ የታየው፣ ፍርድ ቤት ላይ ከማንም ምስክር በላይ ይጠቅማታል። ካሜራው ጠፍቶ ቢሆን እርሱም አብሮ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ ሻርፕ ለመልበስ አንድ ደቂቃ ስጡኝ በይ፤ ካልተመቸሽ አጥፉልኝ በይ፤ ካሜራውን ፈርተሽ ግን ስልኩን ሳታነሺ አትቅሪ።

መስጂድ ውስጥስ? አንድ ረመዳን ተራዊህ ላይ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ሳቱ። አምቡላንስ ተጠራ፤ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ፖሊስ ደረሰ፤ ደረቱ ላይ ቀይ መብራት ትታያለች። ግማሹ ሰው ፊቱን አዞረ። ሽማግሌውን ለመርዳት የመጣ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ጫማውን ሳይቀር በር ላይ ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ኢማማችን ናቸው «ግባ፣ ግባ» ያሉት። ፊት ማዞሩ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2011 አሶሺዬትድ ፕሬስ የኒውዮርክ ፖሊስ መስጂዶችን፣ ሻይ ቤቶችንና የሙስሊም ተማሪዎችን ማኅበራት በስውር ይከታተል እንደነበር አውጥቷል። ያ ክፍል በ2014 ተዘጋ። ያኔ ሰላይ ሰው ይላክ ነበር፤ አሁን ሥጋቱ ፊትን የሚለይ ኮምፒውተር ከካሜራው ጋር እንዳይገናኝ ነው። ካሊፎርኒያ ይህን በ2019 ለሦስት ዓመት ከለከለች፤ ጊዜው ሲያልቅ ክልከላውም አብሮ አበቃ።

ሰው ሲሞት ደግሞ ቪዲዮው የማን ነው? ሰሜን ካሮላይና በ2016 ባወጣችው ሕግ የፖሊስ ቪዲዮ ለሕዝብ የሚለቀቀው በዳኛ ትእዛዝ ብቻ ነው። በኤፕሪል 2021 ኤልዛቤት ሲቲ ውስጥ አንድሩ ብራውን በፖሊስ ሲገደል ቤተሰቡ መጀመሪያ እንዲያይ የተፈቀደለት 20 ሰከንድ ነበር። አባታቸው እንዴት እንደሞተ በ20 ሰከንድ! ሚኒሶታ በ2023 ባወጣችው ሕግ ቤተሰብ በ5 ቀን ውስጥ እንዲያይ፣ ሕዝብ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያይ አለች። የዲሲ ሕግ አምስት የሥራ ቀን ብሎ አንድ ነገር ጨምሯል፤ የሟቹ የቅርብ ዘመድ ቀድሞ ለብቻው እንዲያይ ይጋበዛል፤ ቪዲዮው እንዳይለቀቅ ካለም አይለቀቅም። ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ይህች አንቀጽ ምን ማለት እንደሆነች ይገባዋል። ካነበብኳቸው ሁሉ የወደድኳት እርሷን ነው።

ከኢማሙና ከመስጂዱ ኮሚቴ ጋር ተመካክረን አንድ ወረቀት አዘጋጅተናል፤ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ተለጥፏል፤ ትንንሹ ደግሞ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ አትከራከሩ፤ ከሄደ በኋላ ግን እዚያው ቆማችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የፖሊሱን ስምና ቁጥር ጻፉ። በተለይ የመኪናው በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የየትኛው ከተማ ወይም ካውንቲ ፖሊስ እንደሆነ የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ያልገባችሁን ነገር «የስ» አትበሉ፤ «አይ ኒድ አምሃሪክ» በሉ። ቅሬታ ካላችሁ በዚያው ሳምንት ቪዲዮው እንዳይሰረዝ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደብዳቤውን አብረን እንጽፋለን፤ የላካችሁበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ያዙ። ክስ ካለበት ቪዲዮውን ከማስወጣታችሁ በፊት ለጠበቃ ንገሩ።

የመጀመሪያዎቹን 10 ወረቀቶች የወሰዱት ሐጂ ናቸው፤ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ለሚቆሙት አደርሳለሁ ብለው። የኦሮምኛውና የዐረብኛው ትርጉም ከመጪው ጁሙዐ በፊት ይለጠፋል ኢንሻ አላህ። ወረቀቱን በዚህ ገጽ ላይ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።